ቤተ መንግሥቱን ያላየሁበት ቀን

ከቢሮዬ መስኮት ሥር ሣር በታጨደ ቁጥር፣ ያ እርጥብ ሽታ ከአርባ ምንጭ ጎትቶ ቪየና ይወስደኛል። «ቪየና ድረስ ሄደሽ ቤተ መንግሥቱን ሳታዪ መጣሽ?» እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። አዎ፣ ሳላይ መጣሁ። ታዲያ ምን ይጠበስ?

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እዚያ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ተጋብዘን ሄደን፣ ቀን ቀን ከተማውንና ዙሪያውን በአውቶቡስ ያስጎበኙን ነበር። አንድ ቀን ወንዙን፣ አንድ ቀን ወይን የሚበቅልበትን ኮረብታ አየን፤ ከሙዝ አገር ከጫኖ የመጡት ልጆች «ሙዝ የለውም እንዴ?» እያሉ አሳቁን። በሦስተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቤተ መንግሥት ወሰዱን። በወርቅ የተለበጡ ክፍሎች አሉት ስለተባለ እኔ ከሁሉም በላይ ጓጉቼ ነበር።

አብራኝ ከምትዘምረው ጓደኛዬ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ሆነናል። ለማታው ዝግጅት ማን መዝሙሩን ይምራ በሚል አውቶቡስ ውስጥ ተጣላን። እሷ «ድምፅሽ የፍየል ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሞተች እናቷን አንሥቼ ሰደብኳት።

አብረውን የመጡት ሽማግሌ፣ የኦቾሎ ሸማኔ፣ ሁሉንም ሰምተዋል። በአትክልቱ ስፍራ ስናልፍ ጎንበስ ብለው፣ ከዚያ ምንጣፍ ከመሰለ ሣር እፍኝ ሙሉ ነጩ። በሁለት እጃቸው ይዘውትም መካከላችን ተንበረከኩ። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ አይቀጥልም፤ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም። ይህን እያወቅሁ አፈርኩ። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይነሡ! ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ስትታረቁ እነሣለሁ።»

ጓደኛዬ ፊቷን አዞረች። ዘበኛው እየጮኸ መጣ፤ ቋንቋው ባይገባንም ጣቱ የተነጨውን ሣር ያሳይ ነበር። አልነሣ ሲሉት ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው።

ያኔ ደሜ ፈላ። «እጅህን አንሣ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበት። ከጎኔ ሌላ ድምፅ እኩል ጮኸ፤ ጓደኛዬ ነበረች። እጅ ለእጅ ተያይዘን በእሳቸውና በዘበኛው መካከል ቆምን። «ከፈለግህ እኛን አስወጣን!» አልነው። አስወጣን፤ ሦስታችንንም። በዚያ ቀን ያሳፈረኝ መባረራችን አይደለም፤ መጀመሪያ ማፈሬ ነው።

ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «ስለ እናትሽ ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። «ተዪው» አለችኝ እያለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌው የሁለታችንንም ራስ ዳበሱ።

ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹ ያነሡትን ፎቶ እየተሳሳዩ፣ እየሳቁ ወጡ። ዐይኔ ወደ በሩ ሄደ። ሽማግሌው አዩኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ አስቀረሁሽ። ይቅር በዪኝ።»

«ምንም አይደል» አልኳቸው፣ ቅር ማለቴ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ባለፈው ክረምት ኦቾሎ ቀበርናቸው። ጓደኛዬ ከካምባ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር። ለእኔ ብለው የተንበረከኩት እሳቸው፣ ይቅርታ የጠየቁትም እሳቸው። እኔ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳቸውም።