«ይበቃል አባዬ» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሰኞ፣ ኮን ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ጋዝ ግፊት እያስረዳሁ ነበር። ዕቃው ያው፣ ሙቀቱም ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ጋዝ በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱም በግማሽ ይቀንሳል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ መለኪያውን አይቶ ስንት እንደቀረ ማወቅ ይቻላል?» አለችኝ። «ይቻላል» አልኳትና ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አገራችን ገነተ ማርያም አጠገብ ነው። በጥቅምት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ አባዬ ሳንባቸውን ታመሙ። በቃሬዛም በመኪናም ብለን ላሊበላ አደረስናቸው፤ ከዚያ ወደ ወልድያ ተላኩ። እናቴ ከብቱንና ትንንሾቹን ትታ መምጣት አልቻለችም። በሶ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ «አንቺ ተምረሻል፤ ለሐኪሙም መልስ አታጪም» አለችኝ።

አምቡላንሱ ውስጥ ሲስተሯ፣ አባዬና እኔ ነበርን። የኦክስጅኑ ሲሊንደር እግሬ ሥር ታስሯል። ስንነሳ የመለኪያው መርፌ መቶ ሃያ ላይ ነበረች። ያንን ትምህርት ገና በዚያው ሰሞን ስለተማርን ዓይኔ ከእሷ አልነቀል አለ። ምነው ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርቼ በነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ጋሸና ስንደርስ አምሳ ላይ ወርዳለች። ከግማሽ በላይ አልቋል፤ የቀረን መንገድ ደግሞ ከመጣነው ይረዝማል። ሲስተሯ ወርዳ ሌላ ሲሊንደር ጠየቀች፤ አልተገኘም። ፍሰቱን ቀነስ ስታደርገው የአባዬ ከንፈር ጠቆረ። መልሳ ከፈተችው።

እሷ ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገር አባዬ ማስኩን ገለጥ አድርገው እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ወልድያ ያደርሰኛል?»

መርፌዋን አየሁ።

«የማያደርሰኝ ከሆነ ንገሪኝ። ከዚሁ መልሱኝ። እናትሽን ሳልሰናበት መንገድ ላይ አልቅር።»

እንደማያደርሳቸው አውቄያለሁ። ቢመለሱ ምናልባት ለመሰናበት ይደርሱ ነበር፤ ይህንንም አስቤዋለሁ። ግን ሐኪሙ ያለው ወደፊት ነው። ደግሞም አፌ «አያደርስዎትም» ማለት አልቻለም።

«ይበቃል አባዬ፣ አስልቼዋለሁ» አልኩ።

አመኑኝ። ማስኩን መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከጋሸና ወዲያ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ገብስ ነበር፤ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። በሶው እቅፌ ውስጥ እንደታሰረ ነው። ወደ ድልብ ቁልቁለቱን ስንጀምር መርፌዋ ዜሮ ነካች። ሲስተሯ ሲሊንደሩን መታ መታ አደረገችው። አባዬ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ብዙ አዩኝ። ወልድያ ሳይታየን አረፉ።

ሬሳቸውን ይዘን ስንመለስ እናቴ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ፣ «ለእኔ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተኝተው ነበር» አልኳት።

ዛሬ እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አምና አንድ ቀን ምስር ስትለቅም ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«እኔ እኮ ያን ቀን ሙሉ በር ላይ ነበርኩ» አለች። «መኪና በሰማሁ ቁጥር እወጣ ነበር።»

ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅ ነበርሽ እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስሌቴ ግን ልክ ነበር። አባዬ በሕይወታቸው ከእኔ የጠየቁት አንድ እውነት ብቻ ነው፤ እሱን እያወቅሁ ከለከልኳቸው።