ሪያድ ያንቀራፈፈው ፕሮግራም

ሪያድን ሰው ሁሉ «አላህ የሰጠው፣ ጥላ ሥር የሚውል» ይለዋል። ይበሉ! ምን ያውቃሉ? እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው፣ ጉዱን የማውቀው እኔ ዘይኑ፣ ጫማ ቸርቻሪው ነኝ።

ልጁ ኮምፒውተር ተምሮ ከጅግጅጋ ሲመጣ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ ከሱ የሚበልጥ ባለሙያ ሥር ሠርቶ የተዋጣለት ፕሮግራመር መሆን። የገባው ግን ሺሬ የሚባሉ ሽማግሌ ክሊኒክ ነው። ሐርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ፎቅ እየሠራች ሁሉም ሲሯሯጥ፣ እዚያ ቤት «የሚሠራን ነገር አትነካካ» ነው ሕጉ። የሚያርመው የለ፣ የሚያስተምረው የለ። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ «ሪያድ!»፣ ስልክ ሲበላሽ «ሪያድ!»

እልኸኛ ነውና በራሱ ጊዜ የበሽተኞችን ካርድ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራ። ስም ስትጽፍለት ካርዱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ከደስታው ብዛት እራቱን ቆሞ ነው የበላው።

ሺሬ ግን ለብቻው ጠርተው በሩን ዘጉ። «ልጄ፣ ከመደርደሪያ ካርድ የሚያወጡት ሦስቱ ልጆች አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ የወንድሜ ልጆች ናቸው። ሸሪኮቼ ይሄን ካዩ ነገ ያባርሩብኛል። አዘግይልኝ።»

አዘገየው። ስም ሲጻፍለት ዝም ብሎ እንዲቆይ የሚያደርግ ትእዛዝ ከተተበት። ልጆቹ ሮጠው ካርዱን ሲያመጡ ኮምፒውተሩ ገና ያስባል። ሸሪኮቹ ሳቁ፤ ሺሬም «ማሻአላህ፣ ጎበዝ!» አሉት። እዚያ ቤት ተመሰገነ ከተባለ በዚህች ብቻ ነው። ሲያስጠላ!

ከዚያ ሆዳን መጣች፤ ውጭ ሠርታ የተመለሰች፣ እዚሁ የሶፍትዌር ድርጅት የከፈተች እሳት የላሰች ሴት። ሪያድ ሥራ ቢጠይቃት «ሰው የሚገለገልበትን ሥራህን እዚያው ክሊኒኩ መጥቼ ልየው፤ ካማረኝ እኔ ጋ ትሠራለህ» አለችው። የተመኘው በር ይኸው ተከፈተ!

ያቺን ትእዛዝ ለአንድ ቀን አውጣት ብዬ ለመንኩት። «ሸሪኮቹ ከክሊኒኩ አይጠፉም፣ ቢያዩትስ?» አለኝ። እውነትም ሆዳን የመጣች ዕለት አንደኛው እዚያው ቁጭ ብሏል።

ስም ጻፈች። ጠበቀች። ኮምፒውተሩ ዝም። ከልጆቹ አንዷ ካርዱን አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችላት።

«ይሄን ፕሮግራም እውነት አንተ ነህ የጻፍከው?» አለች ሆዳን።

ሺሬ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ» አለ ሪያድ፤ «ገና እየተማርኩ ነው።»

«አይዞህ፣ በርታ» ብላው ወጣች።

ቤት ሲገባ ጮህኩበት። «አንተ ሞኝ! እውነቱን አታፈርጠውም ነበር? ዕድሜ ልክህን ከፕሪንተር ወረቀት ስታላቅቅ ልትኖር ነው?»

«ዘይኔ» አለኝ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፤ «ካርዱን ያመጣችው ልጅ እኮ ኮምፒውተሩን በመቅደሟ ደስ ብሏት ትስቅ ነበር።»