የአያ ይማም የመርዶ ሞተር

የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ሰባን አልፎ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሞት ቢታየው ምን ይገርማል ትሉኝ ይሆናል፤ ሚስቴም ይህንኑ ነው የምትለው። በቀደም ከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ ካለው ጋራዥ በር ላይ፣ ያቺን አሮጌ ሞተሬን እንደ ታመመ ዘመድ አስተኝቼ ስጠብቅ ግን ያስጨነቀኝ የራሴ ሞኝነት አልነበረም። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና፣ «አባባ፣ ይቺ እኮ ስትበርድ ነው የምትነሳው። አንዴ ከሞቀች በኋላ ካጠፏት እስክትቀዘቅዝ ንቅንቅ አትልም» አለኝ።

«ሻጩ ይህን አልነገረኝም።»

«ሌላውን ነግሮዎታል?»

«ሌላውንማ አንድ ሳያስቀር ነው የነገረኝ። ዘይት እንደምትጠጣ፣ ሁለተኛ ማርሽ እንደምትተፋ፣ መብራቷ እንደማይታመን። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው ከየት ይገኛል ብዬ ገዛኋት።»

ልጁ ሳቁን በጨርቁ ሸፈነው። አልፈረድኩበትም። እኛ ቤት ይህ ስህተት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑን በምን ያውቃል? እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አያ ይማምን አሰብኩ።

አያ ይማም የሰፈራችን ቅሬ ጠሪ ነበር። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም እድራችን፣ ቀብሩን ያሰናዳል፤ እሱ ደግሞ በየገጠሩ ለተበተነው ዘመድ መርዶ ያደርሳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። በእግሩ በሚሄድበት ዘመን ከሰው ደጅ ሲደርስ መጀመሪያ ይቀመጣል። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ከብቱን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ይጠይቃል፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሟቹን ስም ይጠራል። ችግሩ እግሩ ነበር። የእኛ ሟች በሞተበት ቀን ይቀበራል፤ ዘመዱ ግን ያለው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወይም ከተራራው ጥግ ነው። ስንቱ ልጅ ሮጦ ደርሶ የጠበቀው እርጥብ አፈር ነበር። በመጨረሻ ቅሬው ተሰብስቦ ለይማም ሞተር ይገዛ ተባለ።

ግዢው የተፈጸመው እሑድ፣ ሰንበቴ ገበያ፣ እዚያው ከብት ተራ ውስጥ ነው። ሞተሯ ከፍየሎች ጋር በጭነት መኪና ተጭና ነበር የመጣችው። ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የወጣች፣ ድሮ ቀይ የነበረች፣ መቀመጫዋ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተጠቀለለ ነች። ሊያዩዋት የሄዱት የቅሬው ዳኛ ሀጂ አሊ፣ አያ ይማምና አባቴ ናቸው። አባቴ የበሬ ነጋዴ ስለነበር ዐይኑ ይታመናል። እሱም ሞተሯን በሬ እንደሚያይ አያት፤ ከፊቷ ቆመ፣ ዞሮ ከኋላዋ ቆመ፣ ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሮ፣ «ነውሯን ንገረን። ትራገጣለች?» አለው።

«ወላሂ ትራገጣለች» አለ ሻጩ። «ስታስነሳት ፔዳሏ ተመልሶ ቅልጥምህን ይልሃል። ዘይት ትወዳለች። ዳገት ላይ ታኮርፋለች። ዝናብ ደግሞ ስትፈራ ለጉድ ነው።»

አባቴ ልቡ ተነካ። ሀጂ አሊን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ይህን ያህል ነውር በገዛ አፉ የተናገረ ሰው የሚደብቀው ምን ቀረው?» አላቸው። ሀጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። አስነሷት፣ ተነሳች። ማለዳ ነበር፣ ብርድም ነበር። ስትሞቅ ምን ትሆናለች ብሎ የጠየቀ የለም፤ በሬ ሲሞቀው ጥላ ከመፈለግ በቀር ምን ይሆናል?

ከዚያ ቀን ወዲያ የሰፈራችን ስጋት ድምፅ አወጣ። ሞተሯ ተነሳች ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ያ ሳል የመሰለ ድምፅ ሲጀምር ቅቤ የምትሸጥ ሴት ሚዛኗን ትታ እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች። እኔ ደግሞ ከሚሴ ካፈራቻቸው ፈሪዎች ቀዳሚው ነበርኩ። ድምፁን ስሰማ ጨዋታዬን ጥዬ ቤት እበርና የቤተሰቡን ሰው አንድ በአንድ እየነካሁ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አክስቴ ተኝታ ስላገኘኋት መተንፈሷን ለማረጋገጥ አፍንጫዋን ያዝኩ፤ በጥፊዋ ብቻ በሕይወት መኖሯን አወቅሁ።

መከራው ሞተሯ ከምትሄድበት ቀን የምትጠገንበት መብዛቱ ነው። አያ ይማም ከመስጊዱ አጥር ሥር፣ የቁርቁራው ዛፍ ጥላ ላይ ሸራ አንጥፎ ይፈታታታል። ካንዴላዋን አውጥቶ ይፈገፍጋል፣ የተበጠሰውን በሽቦ ያስራል፣ ቤንዚን በቱቦ ስቦ አፉ ሲሞላ ይተፋና «አስተግፊሩላህ» ይላል። ከዚያ ለሙከራ ሲረግጣት ሰፈሩ እየጮኸ ይወጣል። የሌለ ለቅሶ ደጋግሞ ከተለቀሰ በኋላ ሀጂ አሊ ፈረዱ፦ ለሙከራ ከሆነ አስቀድሞ ያስታውቅ። እናም አያ ይማም መንገድ መሀል ቆሞ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ «ጥገና ነው፤ የሞተ ሰው የለም» ይላል። ከየአጥሩ «አልሃምዱሊላህ» ይመለሳል። አልጋ ከያዙ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ደግሞ በመስኮት፣ «ይማም፣ እኔንም ጨምረህ ነው?» ይሉታል።

«እርስዎንም ጨምሬ ነው አባ።»

«ዱጉማ? እውነት? እንግዲያ ምሳዬን አምጡ በላቸው።»

ሻጩ የደበቃት ነውር የታወቀችው ገና በመጀመሪያው መርዶ ነው። አያ ይማም አንደኛው ደጅ ላይ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ተቀመጠ፣ ነገረ። ሲመለስ አልነሳ አለችው። ረገጣት፣ ገፋት፣ ለመናት። ብረቱ እስኪበርድ ፀሐይዋ አዘነበለች፤ የቀሩት ዘመዶች ቀብሩ አመለጣቸው። ቅሬው ተቆጣ። ሀጂ አሊም፣ «ከእንግዲህ እንዳታጠፋት። ከላይ ሆነህ ተናገርና እለፍ» ብለው አዘዙት። አያ ይማምም ሞተሯ እየጮኸች፣ ከእሷ በላይ እየጮኸ፣ የሰውን አባት መሞት መናገር ጀመረ። ሰው ቀብር ደረሰ። እሱ ግን የሰው ዐይን ማየት አቆመ። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ተቀምጠው፣ «ዝንጀሮ ከማሳ የማባርር መስያለሁ» ሲለው ሰማሁ።

«ታዲያ አጥፍተህ ውረዳ።»

«ቀብሩስ?»



አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የሞተችው አባቴ በሬ ሊገዛ ቦርከናን በተሻገረ ማግስት ጠዋት ነው። ሀጂ አሊ የሞተሯን መሪ ይዘው፣ «ይማም፣ ዛሬ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በላይ አናቆያትም። የበኩር ልጇ ነው፤ በእጁ አፈር ያልብሳት። እንዳታጠፋ» አሉት። አያ ይማም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና ፔዳሏን ረገጠ። ሞተሯ ያን ቀን አላስቸገረችም።

አያቴ ታጠበች፣ ተከፈነች። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ተሰገደ። እኔን ጆሮው ቀጭን ነው ብለው አጥር ላይ ሰቀሉኝ፤ ጆሮዬ ቀጭን ሳይሆን ትልቅ ነበር፣ ዛሬም ነው። ከወንዙ በኩል ዱፍ ዱፍ የሚል ነገር ስሰማ ልቤ ይዘላል፤ ወፍጮ ቤቱ ይሆናል። እንደገና ስሰማ ወደ ደሴ የሚወጣ ጭነት መኪና ይሆናል። እናቴ እየወጣች፣ «ተሰማህ?» ትለኛለች፤ «ገና» እላታለሁ። ጥላው በአጥሩ ላይ ሲወጣ፣ አባቴን በዐስር ካደረስክልኝ ዳግመኛ ስኳር አልሰርቅም ብዬ ለአላህ ቃል ገባሁ። ከዚያ የዐስር አዛን ተሰማ። ሀጂ አሊ ወደ መንገዱ አንዴ አዩ፣ ወደ እኔ ቀና ብለው አዩ፤ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰገዱባት፣ ተሸከሟት፣ ሄዱ። አፈሩን ያለበሳት አጎቴ ነው።

ሰዎቹ ከመቃብሩ እንደተመለሱ ከወንዙ መንገድ አቧራ ታየ፤ ድምፅ ግን የለውም። አባቴና አያ ይማም ሞተሯን ከግራና ከቀኝ ይዘው እየገፉ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ሀጂ አሊ ወደፊት ወጡ።

«አጠፋሃት።»

«አጠፋኋት ሀጂ።»

«እየነገርኩህ?»

አያ ይማም መሬት መሬት አየ። አባቴ የሚመታው መሰለኝ፤ ሌላውም ሰው ሳይመስለው አልቀረም፣ ሁለት ጎረምሶች ጠጋ አሉ። አባቴ እጁን ከሞተሯ ላይ አንስቶ በአያ ይማም ትከሻ ላይ አደረገው። «ሀጂ፣ ይተዉት» አለ። «እንደ ሰው ነው የነገረኝ።» ከዚያ ብቻውን ወደ መቃብሩ ሄደ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም።

ቆይቶ ነው የሆነውን የነገረን። በረት ውስጥ ከባለ በሬው ጋር እየተሳሳቀ ሳለ የሞተሯን ድምፅ ሰማ፤ የሌላ ሰው መርዶ መስሎት ፊቱን አላዞረም። ከዚያ ድምፁ ቀጥ አለ። «ያኔ አወቅሁ» ይል ነበር። «አታጥፋ መባሉን አውቃለሁ። ለእኔ ካልሆነ አያጠፋትም።» አያ ይማም ወረደ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ የበሬዎቹን ጥርስ ጠየቀ፣ ስለ ሣሩ ጠየቀ። አባቴም መለሰለት፤ እያወቀ፣ አንድ በአንድ መለሰለት። ከዚያ የእናቱን ስም ጠራለት። አባቴ አልቅሶ ሲያበቃ ሊያስነሷት ሞከሩ። የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ቅሬው ተሰብስቦ ሲጨቃጨቅ ይማም ይሻር ያሉ ነበሩ። አባቴ ተነሥቶ፣ «ከእኔ የበለጠ የጎደለበት ካለ ይናገር» ሲል የተናገረ አልነበረም። መርዶ የሚያደርስ ሰው አጥፍቶ ይውረድ፣ ይቀመጥ፤ ቀብር የደረሰ ይደርሳል ተባለ። ሞተሯ ውላ አድራ የዶሮ ማደሪያ ሆነች። አያ ይማም እግሩ እስኪከዳው በእግሩ ተመላለሰ። እሱ ሲሞት ሴት ልጁ ያገባችበት ድረስ መርዶውን ይዞ የሄደው አባቴ ነው።

የእኔይቱ ሞተር ኮይሏ ተቀይሮ ዳነች። ሞቃም ትነሳለች፤ ሚስቴ አሁን የምትጨነቀው በመነሳቷ ነው። መርዶም ዛሬ በስልክ ነው፣ ሰው ኪስ ውስጥ ይጮሃል።

ባቲ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሰነባብቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት በራችን ላይ ባጃጅ ቆመና ሞተሩ ጠፋ። የገባው የቅሬያችን ልጅ ነው፤ አያ ይማምን አላየውም፣ ስሙንም የሚያውቅ አይመስለኝም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ኔትወርክም ነበረ። «አካም ቡልተን አባባ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ ሞተሯ ጠየቀኝ። ወሬኛ መሆኔን አገር ያውቃል፣ ያን ቀን ግን ራሴን በለጥኩ፤ ስለ ካንዴላዋ፣ ስለ ማርሿ፣ ስለ እያንዳንዷ ቡሎን ነገርኩት። ልጁ አላቋረጠኝም። የምናገረው እስኪያልቅብኝ ጠበቀኝ፣ ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራ።