እግሩ የተቆረጠ ጽሑፍ

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሩ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበ የጫማ መጠገኛ ሱቅ አለ። አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ አንዲት ሴት በዚያ ስታልፍ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባና እግሯ ቆመ። መደርደሪያው ላይ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን የቀትሩን ዜና ያሰማል። ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ በግድግዳውና በመደርደሪያው መካከል፣ አንድ ግዙፍ ተሸካሚ ተሰንቅሮ ቆሟል። ክንዱን ዘርግቶ ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ጨብጧል። ከቆመበት ቦታ ምስሉ አይታየውም። ከፊት ለፊት ደግሞ ጫማ ጠጋኙ፣ ወስፌው በእጁ እንዳለ አንገቱን አስግጎ፣ ከምስሉ ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል።

ተሸካሚው ማዞሪያዋን ጠምዝዞ ሲይዛት ምስሉ ወደ ላይ ይገፋል፤ የዜና አንባቢው ግንባር ይቆረጥና የግርጌው ጽሑፍ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ከለቀቃት ግን ያረጀች ናትና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ጽሑፉም እስከ ወገቡ ይሰጥማል። ስለዚህ አይለቃትም። ፊደል የማይለየው ሰውዬ፣ ሌላው እንዲያነብ ብሎ፣ ዜናው እስኪያልቅ ክንዱን እንደዘረጋ ይቆማል።

ጫማ ጠጋኙ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ነው። ለጊዜው ግን ወስፌውን ይዞ ጥጉ ላይ ይቀመጥ፤ ታሪኩ የሴትዮዋ ነው፤ የተጻፈውም በኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንደነገረችው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እሷ ግን በልቧ ያለችው «እነዚህ ሰዎች ጽሑፌን ምን እያደረጉት ነው?» ነው። ያ ጽሑፍ እንጀራዋ ነውና።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀጥታ የዜና ሥርጭት ላይ ጽሑፍ የምታስገባው እሷ ናት። የተናጋሪው ስም፣ ውሃ የሚቋረጥባቸው ሰፈሮች፣ የክትባት ቀን፣ የተዘጋ መንገድ፤ ይህ ሁሉ በእጇ ያልፋል። የዜናው አዘጋጅ «አስገቢ» ሲላት ቁልፉን ትጫናለች፣ «አውጪ» ሲላት ታወጣለች። ሥራዋ ሁሉ ከምስሉ ግርጌ ስለሆነ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰዎች «እትዬ ታች» ይሏታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው ስም የተሳሳተችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም እንደ ልጆቿ ልደት ከነቀናቸው ታስታውሳቸዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ከሁለት ወር ወዲህ ነው። ስልክ መደወል ጀመረ። የግርጌው ጽሑፍ ተቆርጧል፣ አይነበብም ይላሉ ደዋዮቹ። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ግን ሃያው ስክሪን ሁሉ ጽሑፉን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። ቤቷም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስስ ቴሌቪዥን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። ባሏን አስቀምጣ ፊደል በፊደል አስነብባዋለች። ዋናው ኃላፊ ግን ሰው ያለ ምክንያት ስልክ አያነሳም ብሎ እስከ ዓርብ ቀን ቆረጠላት። እስከዚያ ስልኩ ካልቆመ ሌላ ሰው ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ መስኮት ወደሌለው የካሴት መጋዘን ትወርዳለች። ዜና ሞቶ የሚቀበርበት ቦታ ነው ትላለች መጋዘኑን። በሕይወት ያለ ዜና ላይ እጇን ጥላ ለኖረች ሴት ይህ ከጡረታም የከፋ ነው።

ታዲያ ጠረጠረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው አዲሱን መሐንዲስ ነው። ስልኩ ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው የተቀጠረ፣ ሲያወሩት ጫማውን የሚያይ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ከሻይ ስትመለስ ከወንበሯ ሲነሳ አግኝታዋለች። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ብላ ወጥመድ ዘረጋች። ከሹራቧ የመዘዘችውን ክር ማታ ኪቦርዱ ላይ አጋድማ ወጣች፤ ጠዋት ክሩ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት የጠረገችው። ከዚያ ስክሪኗ ላይ፣ ልክ የጽሑፉ ግርጌ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀጭን ፕላስተር ለጠፈች። በየቀኑ በልጇ ማስመሪያ ለካች። ጽሑፉ ከፕላስተሩ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።

እንግዲህ ጽሑፉ ካልተነካ ደዋዮቹ ሐሰተኞች ናቸው ማለት ነው። መሐንዲሱ ዘመዶቹን እያስደወለ ነው ብላ ደመደመች። ስልክ ኦፕሬተሯ ዘንድ ሄዳ ከጎኗ ተቀምጣ የደዋዮቹን ድምፅ አዳመጠች፤ አንዱ ደዋይ ሲያስል የመሐንዲሱ ሳል መሰላት። ይህን ሁሉ ለባሏ ስትነግረው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ተረተችበት። ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» አላት።

ማክሰኞ ዕለት መሐንዲሱ ራሱ ወደ እሷ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ልማዱ ጫማውን እያየ፣ ጽሑፉን ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ አላት። እሷ ይህንንም ወጥመድ አደረገችው። ዛሬ ከነካካሁት ነገ «ያው ራሷ ናት የነካችው» ይላሉ አለች በልቧ፤ መልስም ሳትሰጠው ጀርባዋን አዞረችበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ሱቁ በር ላይ የቆመችው። ገባች፤ ምንም ያልሆነ ጫማዋን አውልቃ ተረከዙን እዩልኝ አለች። ጫማ ጠጋኙ አገላብጦ ቢያየው ተረከዙ ከሱቁ ግድግዳ የጠነከረ ነው። እሱ ግን ጨርቅ አነሳና ይወለውለው ጀመር፤ ሰው ያለ ጉዳይ ጫማ አያወልቅም።

እሷም ምርመራዋን ጀመረች። ይህን ማዞሪያ ያዙ ያላችሁ ሰው ማን ነው? ጣቢያው ድረስ ደውላችሁ ታውቃላችሁ? ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ጫማውን እያየ የሚያወራ ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸካሚው መለሰላት። «እትዬ፣ ማንም አላዘዘንም። ጽሑፉ እግሩን ተቆረጠ፤ እኛ ደግሞ የሰውዬውን ጭንቅላት ቆርጠን እግሩን እንተካለታለን። ዜና አንባቢው እንደሆነ ያለ ጭንቅላትም ያነባል።»

አልሳቀችም። ማዞሪያዋን ልቀቃት እስቲ አለችው። ለቀቃት። ምስሉ ወረደ፤ ውሃ የሚቋረጥባቸው ሰፈሮች ዝርዝር እስከ ወገቡ ሰጠመ። ፊደል እግሩ ሲቆረጥ ምን ይቀረዋል? የትኛው ሰፈር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ራሷ የጽሑፍ ባለሙያዋ ማንበብ አቃታት። ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ጫማ ጠጋኙ ዝናቡ ሲጀምር እንደሆነ ነገራት። ቀኑን የሚያስታውሰው ጽሑፉ ስለጎደለበት ነው። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም፤ አርባ ዓመት ሞልቶት ማንበብ የተማረው ከዚያ ጽሑፍ ነው። አንዱ ዜና እየዞረ ስለሚመለስ፣ በመጀመሪያው ዙር ያመለጠውን ፊደል በሦስተኛው ይይዘው ነበር። ዛሬ ቅዱስ መጽሐፉን የሚያነበው በዚያው ነው። የግርጌውን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ ባያውቅም ሲጸልይ ያነሳዋል። ይህን ሲላት ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች፤ ጽሑፉን የምትጽፈው እሷ እንደሆነች የነገረችውም ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዝናቡ የጀመረበት ሳምንት ትዝታ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ አሮጌዎቹን ቴሌቪዥኖች አስወጥቶ ስስ ስክሪን የሰቀለው በዚያ ሳምንት ነው። ድሮ ጽሑፉ ከምስሉ ግርጌ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ስሱ ስክሪን ላይ ሲታይ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ኃላፊው አጭር ሱሪ ይመስላል ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። ይውረድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ «ይውረድ፣ ያምራል» ያለችው ራሷ ናት። አወረደችው፤ ወረቀቱ ላይም ፈረመች። አሮጌ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ እንደሚውጥ በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር ተምራ ነበር፤ ሁለቱ ጣትም ለዚያ ነበር የተተወው። አሮጌዎቹ ከክፍሉ ሲወጡ ትምህርቱም አብሯቸው ወጣ። ፕላስተሩን የለጠፈችው ደግሞ ጽሑፉ ከወረደ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየት በኩል ይነቃነቅ? የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው፤ ተረቱን በራሷ ላይ የተረተችው ራሷ ናት።

መሐንዲሱ ዘንድ ሄዳ ይቅርታ እንደምትጠይቀው ተናገረች። ትንሽ ቆይታ ግን ይቅርታው ከዓርብ በኋላም ይደርሳል አለች፤ ያን ያህል ካወቀ ለምን ደፍሮ እንዳልነገራት አሁንም ደስ አላላትም። ኃላፊው ደግሞ በባዶ እጅ ብትሄድ ሃያ ስክሪኑን አሳይቶ ይመልሳታል። በዓይኑ ማየት አለበት። መፈረሟንም ያኔ ራሷ ትነግረዋለች።

ጫማዋን አድርጋ ተነሳች፤ ቴሌቪዥኑን፣ ተሸካሚውን፣ ጫማ ጠጋኙን በየተራ አየች።

«ቴሌቪዥኑን እስከ ዓርብ ያውሱኝ» አለች፤ «መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከስክሪኖቹ መሀል አስቀምጠዋለሁ። ይሄ ወንድማችን ይሸከምልኝ።»

ጫማ ጠጋኙ እሺ ይዛው ትሂድ አለ። ተሸካሚውም የመሸከሚያ ገመዱን ከወገቡ ፈታ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ማዞሪያዋን ወደ ቦታዋ መልሰው በላይዋ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። በፕላስተሩ ላይ የዛሬን ቀን ይጻፉና ይፈርሙ። እዚያ ያሉትን አላምናቸውም፤ ነካክታው ነው ይሉኛል።»

ጫማ ጠጋኙ የእጅ ጽሑፉ የተማረ ሰው ጽሑፍ እንዳልሆነ ሲነግራት፣ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ዘረጋችለት።

«ከእኔ ጽሑፍ አይደል የተማሩት?» አለች። «እባክዎ፣ እርስዎ ይፈርሙልኝ።»