አያ ዳኘው መሰላል ሲያስይዙ

እዚህ ናታንያ፣ ዶራ ሰፈር ላላችሁም፣ ከዶራ ለወጣችሁም፦ አያ ዳኘው ዐርፈዋል። ባለፈው ሳምንት እሑድ ቀበርናቸው። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ግማሹ ከግማሹ ጋር ተኳርፎ የኖረና እሳቸው ያስታረቁት ነው። እኔ የፊደል ሰው አይደለሁም። ልጆቻቸው «ጎረቤታቸው ነህና አንተ ጻፍ» ስላሉኝ ነው።

በአንድ ሕንፃ፣ እሳቸው ምድር ላይ፣ እኔ ከበላያቸው ኖርን። ከመስኮታቸው ሥር ባለችው ጠባብ ጓሮ ሚሽሚሽ ተከሉ፤ ሌላ አገር አፕሪኮት የሚሉትን።

«አያ፣ የናታንያ አሸዋ እንኳን ዛፍ ጎመንም አያበቅል» አልኳቸው።

«አሸዋው ይለዝባል። የማትለዝብ አንተ ነህ» አሉኝ።

ፍግ አበሉት፣ ሥሩን በገለባ አለበሱት። ውሃ የሚያጠጡት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያጠጡ ግን እስኪጠግብ፣ ያውም ከግንዱ ራቅ አድርገው። «በየቀኑ ጉንጭ ጉንጭ የሚያጠጡት ዛፍ ሥሩ ሰነፍ ይሆናል» ይሉ ነበር። ቅርንጫፍ የሚቆርጡት ፍሬው ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይመጣ ነው፤ ቁስሉ በደረቅ እንዲድን። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ደግሞ ሁለቱን ነቅለው አንዱን ይተዋሉ። እኔ ከመስኮት «ኧረ አያ፣ የእግዜርን በረከት!» ስላቸው፣ «እንግዲያ ውረድና ቅርንጫፉን ተሸክመህ ቁምለት» ይሉኛል።

ሚሽሚሽ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ዛሬ ካልለቀሙት ነገ መሬት ላይ ነው። አያም በዚያች ሳምንት ሥራቸውን ይሠራሉ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ይመርጡና፣ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ፣ ለሁለቱም ስልክ ይደውላሉ። «ፍሬዬ ሊበሰብስ ነው፣ ድረስልኝ» ይላሉ። የሽማግሌ ጥሪ እንዴት ይታለፋል? ሲመጡ አንዱን መሰላል ላይ ያወጣሉ፣ ሌላውን ያስይዛሉ። ከዚያ ቤት ይገባሉ። አሸዋ ላይ መሰላል ብቻውን አይቆምም፤ የያዘው ጥሎ መሄድ አይችልም፣ የወጣውም ከያዘው ሰው በቀር የሚተማመንበት የለውም። ስንቱ በዚህ ታረቀ! እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ለእኔ ደወሉ።

ልጄ ዝናሽ ዐጋሚም ሰፈር ቤት ገዝታ ገብታ ነበር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። «በሰንበት ማዓሊት አልነካም፣» አልኳት፤ አሳንሰሩን ማለቴ ነው፤ እኛ አይሁድ በሰንበት ኤሌክትሪክ አንነካምና። «ደረጃውን ጉልበቴ አይችለውም። በሰንበት እንዳላይሽ ብለሽ ነው የወጣሽው።» እሷም «አንተ መቼ እሺ ብለህ ታውቃለህ!» ብላ ሄደች። ቃል ሳንለዋወጥ ሁለት ፋሲካ አለፈ። የልጅ ልጄ መራመድ ጀመረ ሲሉ ከሰው ነው የሰማሁት።

ስወርድ ዝናሽ መሰላሉ ላይ ወጥታለች።

«እኔ አልይዝም» አልኩ።

«እንግዲያ ትውደቅ» አሉ አያ። ገቡና በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

ያዝኩ። ምን ላድርግ?

እሷ እየለቀመች ባልዲው ተጋመሰ። ከዚያ መሰላሉ ወደ ግራ ሰመጠ።

«አባ! ልትጥለኝ ነው?»

«ያዝኩሽ እኮ! ምን ያስጮህሻል?»

«ዳይ፣ በቃ፣ አትጩህብኝ!»

«አንቺ ነሽ የጮኽሽው!»

ከውስጥ አያ «እሰይ፣ ጀመሩ» ሲሉ ሰማሁ።

ፍሬው እስኪያልቅ ተጨቃጨቅን። ያጠራቀምነው ሁሉ ወጣ። በመጨረሻ ዝናሽ ወርዳ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «በሰንበት እኔ ልጁን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አንተ በማዓሊት ና» አለችኝ። እሺ አልኩ። ፎቁ ግን አሁንም ረዥም ነው፤ ይህንን አያም አላስካዱኝም።

እሳቸውን ስናመሰግን «እኔ ምን አደረግሁ? ሚሽሚሼን አስለቀምኩ» ነበር መልሳቸው። ከሁሉም ሰው ጋር እንዲሁ ነበሩ። የለቀመውንም ባዶ እጁን አይሰዱትም፤ ለጎረቤቱም ጭምር ያሸክሙታል።

እንግዲህ ደኅና ይሁኑ፣ አያ ዳኘው። እርስዎ ሲያርፉ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር፤ ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያልፍ ዝናሽ መጥታ አሳሳችው። እኔ መሰላሉን ይዤ «አበዛሽው፣ ዛፉን ራቁቱን አስቀረሽው» አልኳት። «አያ ያስተማሩት እኔን ነው፣ አንተን አይደለም!» ብላ ተቆጥታ ሄደች። ከመንገድ ዞር ብላ ግን «ማክሰኞ ሾርባ አለ፣ እንዳትቀር!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ ስለ እኛ አያስቡ። አፈሩ ይቅለልዎ። ማክሰኞ እሄዳለሁ። ፍሬውን ግን አብዝታ ነቅላዋለች።