የማይጨፈን ዓይንና የማይበሰብስ ጨርቅ

መጀመሪያ ያፈሰሰው አፌ ነው። ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል ሾልኮ ደረቴ ላይ ወረደ። ቧንቧው ነው ብዬ አጎንብሼ አየሁት፤ ቧንቧው ደህና ነው። ቀና ብዬ መስታወት ሳይ የፊቴ ቀኝ ግማሽ ሥራ ለቋል። ቅንድቤ ወርዷል፣ ጉንጬ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኔ ፍጥጥ ብሏል። ተጨፈን ብለው እምቢ አለኝ።

ሳሎን ወጥቼ ለልጄ ለሐና አሳየኋት። ከስልኳ ቀና ብላ «ዳድ፣ ስቶፕ ኢት። ኢትስ ናት ፈኒ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። አልፈርድባትም። ዕድሜ ልኩን ፊቱን እያጣመመ ሰው ሲያስቅ የኖረ አባት፣ ፊቱ የምር የጠመመ ቀን ማን ያምነዋል?

ባለቤቴ ጽጌ ግን አንዴ አይታኝ ስልክ አነሳች። እኔ «ምች ነው ባክሽ! ትናንት ላቤ ሳይደርቅ መስኮት ከፍቼ ስነዳ ነው የመታኝ። ዳማከሴ ብታሺልኝ ይለቀኛል» እያልኩ ነው።

«ስትሮክ ቢሆንስ? ዝም በል!» ብላ አምቡላንስ ለመጥራት ናይን ዋን ዋን ኮል አደረገች።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ዶክተር «ግንባርህን ወደ ላይ ሰብስብ» አለኝ። ግራው ተሸበሸበ፤ ቀኙ ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ ደስ አለው። በኋላ ነው ያስረዳኝ፦ በስትሮክ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ግንባር ይሠራል፤ የኔ ግን የፊት ነርቭ ራሱ ተቆጥቶ ነው። ስሙ ቤልስ ፓልሲ ይባላል። በዚያው ቀን ፕሬድኒሶን የሚባል የእብጠት ክኒን አስጀመረኝ። «አብዛኛው ሰው ይድናል» አለ። «እኔን የሚያሳስበኝ ዓይንህ ነው።»

ያሳሰበው ነገር ደረሰ። ዓይኔ አልጨፈን አለ። ደረቀ። ነደደ። ጠብታ አደረግኩ። ቅባት ቀባሁ። በፕላስተር ለጥፌ ተኛሁ። ፕላስተሩ ተላቀቀ። የዓይን ሐኪሟ በሰማያዊ መብራት አየችኝ። «የዓይንህ የፊት ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ተጭሯል» አለች። «ከጠለቀ ጠባሳ ይተዋል። እስኪድን መንዳት የለም።» የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነኝ። ዓይኔ እንጀራዬ ነው። ፈራሁ። ቀልድ አለቀብኝ። ያልቀነሰው ምግብ ብቻ ነው፤ ፕሬድኒሶን ፍሪጁን ሙልጭ አድርጎ አስበላኝ።

ጽጌ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። ቤት ተቀምጬ መስታወት ሳፈጥበት ሰለቻትና ዴ ሞይን ከተማ ወደምትንከባከባቸው አሮጊት ይዛኝ ሄደች። ከአየርላንድ ገጠር የመጡ ናቸው፤ እማማ ሞሪን እንላቸዋለን። ገና ሲያዩኝ «ዓይን ነው? ለዓይን እኛ ሰፈር ምንጭ አለ» አሉ።

ዙሪያውን በድንጋይ የተካበ፣ በቅዱስ ስም የሚጠራ ምንጭ ነው። እዚያ አገር አንዱ ለጥርስ ነው፣ አንዱ ለራስ ምታት፣ አንዱ ለዓይን። እሳቸው ልጅ ሆነው ዓይናቸው ሲያብጥ እናታቸው ወሰዷቸው። ጠጠር ይዘው እየጸለዩ፣ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ ምንጩን ዞሩ፤ በዞሩ ቁጥር አንድ ጠጠር ይጥላሉ። ውሃው ውስጥ ዓሣ አለ፣ ያየው ይድናል ይባላል።

«እርስዎ አዩት?»

«እኔ ያየሁት እንቁራሪት ነው። ግን ዳንኩ።»

«ጸበል ነዋ!» አልኩ። «እኛ ጋ ግን ሰይጣን ይጮሃል።»

«የኛ ሰይጣን ዝናብ ስለማይወድ አይመጣም» አሉ።

የዚያ ምንጭ ውሃ በጠርሙስ ነበራቸው። ደግነቱ መጀመሪያ የዓይን ሐኪሟን በስልክ ጠየቅኩ። «ያልተጣራ ውሃ ዓይንህ አጠገብ እንዳይደርስ!» አለች። «አፍልቼውስ?» ስላት እማማ ከጎኔ «የዚያ ምንጭ ውሃ ቀኑን ሙሉ ቢጣድም አይፈላም!» ብለው ጮኹ። ሶ፣ ሌላ መላ ተገኘ። የታመመውን ቦታ የነካ ጨርቅ ምንጩ አጠገብ ካለው እሾሃማ ዛፍ ላይ ይታሰራል። የወንድማቸው ልጅ እዚያው ነው የሚኖረው፤ በፖስታ እንላክለት ተባባልን።

እዚህ ላይ ያገሬ ልማድ ጉድ ሠራኝ። ለስለት የሚሰጥ ነገር፣ ጃንጥላም ይሁን መጋረጃ፣ አዲስና ያማረ ነው መሆን ያለበት። ለሰው አገር ቅዱስ ቡትቶ ይላካል እንዴ? ጨርቅ ሱቅ ሄጄ ሻጩን «ዝናብም ፀሐይም የማይበግረው ስጠኝ» አልኩት። ወርቃማ፣ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ቆርጦ ሰጠኝ። ጉንጬን አሸሁበትና ላክነው።

የወንድማቸው ልጅ ያነሳው ፎቶ ሲመጣ ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ዛፉ ሙሉ ዝናብ የበላው፣ የነተበ፣ ግራጫ ጨርቅ ነው። መሃሉ ላይ የኔ፣ እንደ ሙሽራ ካባ ያበራል።

እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «ከምንድነው የተሠራው?»

«ፖሊስተር ነው። እንዳይበሰብስ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

«ወየው ልጄ! ጨርቁ ሲበሰብስ እኮ ነው በሽታው የሚለቅህ!»

«እና ፖሊስተር መቼ ነው የሚበሰብሰው?»

«እኔ፣ አንተ፣ ሐናም ካለፍን በኋላ።»

«የወንድምዎ ልጅ ይፍታልኛ!»

«የሰው ጨርቅ የፈታ በሽታውን ይወስዳል። ልጁ መልከ መልካም ነው፣ ገና አላገባም፤ ተወው!»

ሳቅኩ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ግማሽ ሳቅ፣ ምራቅ እያዝረከረኩ። እማማ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ጽጌ ግን ድንገት ፊቴን አተኩራ አየች።

«ድገመው» አለች።

«ምኑን?»

«ከንፈርህን። ቀኙን። ተንቀሳቀሰ!»

ደገምኩት። የከንፈሬ ጫፍ ነዘር አለች፣ የትንኝ ክንፍ ታህል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሄደው። ሐና መስታወት ፊት አስቀምጣኝ «ዳድ፣ ስማይል። ናው ብሊንክ» እያለች እንደ አሠልጣኝ ስታዝዘኝ፣ ጽጌ ዓይኔን ስትቀባልኝ፣ እማማ ሞሪን በሄድኩ ቁጥር ፊቴን እንደ ጋዜጣ አቅርበው ሲያነቡ፣ መጀመሪያ ጉንጬ፣ ቀጥሎ ቅንድቤ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ሻወር ስወስድ ሳሙና ፊቴ ላይ ወረደና እንደለመድኩት ማቃጠሉን ጠበቅኩ፤ አላቃጠለኝም፤ ዓይኔ ሳላዘው ራሱ ተጨፍኖ ነበር። እዚያው ሻወር ውስጥ እልል አልኩ። ሐኪሟ በዚያ ሰማያዊ መብራቷ አይታ «ጠባሳ የለም። ንዳ» አለችኝ።

እማማ «ክኒኑ ነው ምንጩ ያዳነህ?» ሲሉኝ «ክኒኑ» አልኩ እውነቱን። አልተቀየሙም። «እኛም ሐኪም ካየን በኋላ ነበር የምንሄደው፤ እናቴ ሞኝ አልነበረችም» አሉኝ።

አንተ ዛሬ ጠዋት ፊትህ የወረደብህ፣ አንቺም፦ ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አምቡላንስ ጥሩ። ቤልስ ፓልሲ ከሆነም መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚበጀው። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ የትም ምንጭ ውሃ አታስገቡበት። ጸልዩ፣ ግን ፊታችሁን ደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ሰው መሃል ሂዱና ሳቁ፣ ቢጠምም ይጥመም። እኔን ተሸክመው ላሳለፉኝ ለሐኪሞቼ፣ ለሁለቱ ሴቶቼና ለእማማ ሞሪን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ። መንገደኛ በመስታወት ሲያየኝ እጠቅሰዋለሁ፣ በቀኝ ዓይኔ። ለምን እንደምጠቅሰው አያውቅም፤ አንዳንዱ ግን መልሶ ይጠቅሰኛል።