ለሶዩል የተላከው የምግብ መኪና

ናም ኦክሱን የፊት ጥርሷን የምታስተክልበትን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አራዘመች፤ በሦስተኛው ሰረዘችው። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ተፈልጓል።

በኮሪያ፣ በዴጆን ከተማ ገበያ ከሩዝ ጋር የሚበላ ማባያ ትሸጣለች፤ ኪምቺ የሚባል በበርበሬ ታሽቶ የኮመጠጠ ጎመን፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ቅጠል፣ ጣፈጥ ተደርጎ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በገበያው ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሁሉም «የሶዩል እናት» ይላታል።

ልጇን ሶዩልን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዋና ከተማው ሴኡል ያለ የሙዚቃ ኩባንያ በሠልጣኝነት ተቀበላት። ሰባት ዓመት ዘፈነች፣ ጨፈረች፣ በየወሩ ተፈተነች። አብረዋት የገቡት አንድ በአንድ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። እሷ ቀረች። በመጨረሻ «ናሩ» የተባለ የአምስት ልጃገረዶች ቡድን ውስጥ ገባች። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «እስከ ሰኞ» ይባላል፤ ክሊፑ በመጋቢት ለሁለት ቀን ይቀረጻል። ክሊፑ ወጥቶ ፊቷ ከታየ ሶዩል ዘፋኝ ናት። ካልታየ ሰባቱ ዓመት የትም አይቆጠርም።

የመኪናውን ሐሳብ ያመጣችው ጎረቤቷ ዓሣ ሻጯ ዮንጃ ናት።

«የሌሎቹ ወላጆች የቀረጻውን ሠራተኛ የሚያበላ የምግብ መኪና ይልካሉ። ያንቺ ልጅ እናት የላትም?»

«እኔ የሴኡል ሰው ምን እንደሚበላ አላውቅም።»

«ሆድ አላቸው አይደል? በቃ፣ ይበላሉ።»

ኦክሱን በጥርሷ ገንዘብ መኪና ተከራየች፤ ኩባንያው ቢሮ ደውላም ፈቃድ ጠየቀች። ስልኩን ያነሣው ወጣት ሠራተኛ «ይቻላል፣ በሁለተኛው ቀን ይምጣ» አላት። እሱ የሚያውቀው የመኪና ማቆሚያውን ነው፤ አለቆቹ ላይ ቤት ምን እንደሚመክሩ አያውቅም። ለሶዩል አልነገረቻትም፤ ድንገት እንድታየው ፈለገች። መኪናው ላይ የሚሰቀለውን ጨርቅ ጽሑፍ ራሷ ጻፈችው። ከልጅቷ ትልቅ ፎቶ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ሶዩሌን አደራ። ጠግባችሁ ብሉ። እናቷ።»

የቀረጻው ሁለተኛ ቀን፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኳ ጮኸ። የመጣላት ፎቶ ነው፤ እንደ ወጉ፣ የምግብ መኪና የተላከለት ሰው መኪናው ፊት ቆሞ ይነሣል። ሶዩል አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሁለት ጣቷን ጉንጯ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ኦክሱን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፎቶውን እያሳየች ሱቅ ለሱቅ ዞረች።

«ኧረ ጥርስ!» አለች ዮንጃ። «በዚህስ በአንቺ አልወጣችም።»

«ዝም በይ፣ አንቺ የዓሣ ጭንቅላት።»

«ነገ ልጅሽ ዝነኛ ስትሆን እኛን አታናግሪንም አሉ።»

«ዛሬም የማናግርሽ አማራጭ አጥቼ ነው።»

ገበያው ሳቀ። ኦክሱን የዚያን ቀን ለገዛ ሁሉ ኪምቺ መረቀች።

ማታ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ሶዩል መጣች። ትልቁን ሻንጣ ይዛለች።

«ቀረጻው አለቀ እንዴ?»

«አለቀ፣ እማ።»

«ለሁሉም?»

«ለእኔ።»

ኦክሱን መዝጊያውን ከውስጥ ሳበችው። ሶዩል የጎመን ሣጥን ላይ ተቀመጠች፤ ካፖርቷን አላወለቀችም።

«አራት ይበቃል አሉ። የኔን ክፍል ከአራቱ ታሪን ትዘፍነዋለች። ትናንት የተቀረጸውን ዛሬ ያለ እኔ ይደግሙታል።»

«መቼ ነገሩሽ?»

«ጠዋት። አምስት ሰዓት ላይ።»

ኦክሱን ስልኳን አውጥታ ፎቶው የተላከበትን ሰዓት አየች። አምስት ሰዓት ከሃያ።

«ፎቶውስ?»

«ከነገሩኝ በኋላ ነው።» ሶዩል ወለሉን እያየች ቀጠለች። «ቦርሳዬን ይዤ ማንም ሳያየኝ ልወጣ ነበር። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ፊቴ ተሰቅሏል። ሾፌሩ ምንም አያውቅም፤ ‹ባለ ድግሷ መጣች! ነይ ቁሚ፣ እናትሽ ፎቶ ትጠብቃለች› ብሎ ጮኸ። ሠራተኛው ሁሉ ሳህን ይዞ ቆሟል። መቀነሴን ሁሉም ሰምተዋል። ሳህናቸውን ነበር የሚያዩት።»

«ታዲያ እንዴት አድርገሽ ሳቅሽ?»

«ሰባት ዓመት የተማርኩት ምን ሆነና?»

ኦክሱን ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሌላ ነው።

«ሰዎቹ በሉ?»

«በሉ። ሾርባውን ጨረሱት። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ።»

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ስለ መኪናው አላነሡም። ኦክሱን ግን እየሠራች ትቆም ነበር። ቢላዋዋ ራዲሽ ላይ እንዳለ ትቆማለች፤ ዮንጃ «የሶዩል እናት!» ስትላት ትቀጥላለች።

ክሊፑ በግንቦት፣ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ። ሶዩል ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስልኩን የማባያው መደርደሪያ ላይ አቆመችው። ኦክሱን አላይም ብላ ነበር፤ አየች።

አራት ልጃገረዶች። ደህና ዘፈን ነው። ከሁሉ በላይ የምትታየው ታሪን ናት። ቤቷ ሩቅ፣ ጄጁ ደሴት ስለሆነ ሁለት ዓመት የመኸሩን በዓል እዚሁ፣ ኦክሱን ቤት ነው የዋለችው፤ ኦክሱንንም «እማማ» ነበር የምትላት። መሐል ላይ ልጃገረዶቹ በረጅም ኮሪደር ጀርባቸውን ሰጥተው ይሮጣሉ። ኦክሱን ቆጠረች። አምስት ናቸው።

«ያቺ የግራዋ አንቺ ነሽ!»

«አዎ። ቦታውን የተከራዩት ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነበር። መድገም አልቻሉም።»

ሁለት ሰከንድ ነው። ጀርባ ብቻ።

«ታሪን የኔን ክፍል ጥሩ አድርጋዋለች» አለች ሶዩል።

«ከእጄ በልታ!»

«እማ፣ ታዝዛ ነው። እምቢ ብትል እሷም ሻንጣዋን ይዛ ትሄድ ነበር።»

ክሊፑ አለቀ። ሶዩል በሽንኩርት እጇ ስክሪኑን ነካችው፤ እንደገና ጀመረ።

«ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ክሊፕ በወጣ የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ ነው። ብዙ ካልታየ እነሱም ይበተናሉ።»

«ይበተኑ!»

ሶዩል ድምፁን ቀነስ አድርጋ ሽንኩርቷን ቀጠለች።

ኦክሱን ስልኩን አንሥታ የኪምቺ ጋን ውስጥ ልትጥለው አማራት። አልጣለችውም። ከልጇ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቢላዋ አነሣች። አብረው ላጡ። ክሊፑ ያልቃል፣ ይጀምራል። ኮሪደሩ ጋ በደረሰ ቁጥር ኦክሱን ቀና ትላለች። ሶዩል አትልም።